ኸይሩ ሳይጨርሰው የተነሳው ዳማ

ቡታጅራ፣ ማክሰኞ ሰኔ 16

ውጤቱ ዛሬም አልተነገረም። የእህቴ ልጅ ሰሚራና የጓደኛዬ የኸይሩ ልጅ ለአንድ የምክር ቤት ወንበር ተወዳድረው፣ ድምፃቸው ስለተቀራረበ እንደገና እየተቆጠረ ነው።

ባለፈው ሳምንት ዳማ ስንጫወት ኸይሩን፣ «ልጅህ ቢሸነፍም አይዞህ፣ ሰሚራ ሹፌሯ ታደርገዋለች» አልኩት። ስንት ዓመት ከዚህ በባሰ ቀልድ ተሳስቀናል። ይሄኛው ግን አላሳቀውም። «ውጤቱ እስኪታወቅ አልመጣም» ብሎ ጨዋታውን ትቶ ተነሳ።

ዛሬ በሱቄ በር ሲያልፍ፣ «ና እንጂ፣ ተራው ያንተ ነው» አልኩት። «ወአለይኩሙ ሰላም» ብሎኝ ሄደ፤ ሰላም እንኳ አላልኩትም ነበር።

ቆርኪዎቹ እንደተዋቸው ነበሩ። ቁጭ ብዬ በእሱም ፈንታ ተጫወትኩ። ኸይሩ አሸነፈኝ። የሚፎክርብኝ ግን አልነበረም።