የሐይቁ ወለል ቀለሞች

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9። ከጠዋት ጀምሮ ከሱቄ የተሸጠው አንድ ጥቅል ገመድና ሁለት የእጅ ባትሪ ነው።

ለታላቅ እህቴ፦ ይህ ወረቀት በጤናሽ ያግኝሽ። እኛ ደህና ነን፤ የእማማም ጉልበት ተሽሏታል።

ልጅሽ ለምን እንደማይደውል ጠይቀሻል። የሚሠራባት ጀልባ ያ ማዕበል በተነሳበት ቀን እንደወጣች ናት፤ ሐይቁ ላይ ደግሞ ስልክ አይሠራም።

ወደቡ ላይ አንዲት የኮምፒውተር ባለሙያ መጥታለች። ካሜራ ወደ ውሃው አውርዳ ወለሉን ፎቶ ታነሳለች። ኮምፒውተሯ ፎቶው ላይ ያለውን እያንዳንዱን ነገር ከጎኑ ካለው ለይቶ ቀለም ይቀባዋል፤ ዓሣውን ሰማያዊ፣ መረቡን ቢጫ፣ ድንጋዩን አረንጓዴ። ይህን የተማረው ብዙ ሺህ ፎቶ እያሳየችው ነው።

ዛሬ አንድ ረዘም ያለ አረንጓዴ ነገር አየሁ፤ መረብ ተጠምጥሞበታል።

«ይሄ ድንጋይ ነው?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ እንደሆነ ያላስተማርኩትን ሁሉ ድንጋይ ነው የሚለው።»

«የጉምሩክ ሠራተኛ በይኛ! እሱም ያላወቀውን ሁሉ ኮንትሮባንድ ነው የሚለው።»

ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን ዋጠችው።

«ምን ላስተምረው ጋሼ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

ልጅሽ ጀልባ ላይ ሥራ ሲጀምር ከሱቄ ቦቲ ጫማ ሰጥቼው ነበር፤ ሶሉ ቀይ ነው። የዚያው ዓይነት አንድ ጥንድ መደርደሪያዬ ላይ አለ።

እማማ ጋ ስትደውዪ የልጁን ወሬ አታንሺባት። አንቺም እህል ቅመሺ፣ ብቻሽን አትሁኚ። አክባሪ ወንድምሽ።

ነገ፦ ቦቲውን ወደብ ማድረስ። ኮምፒውተሩ እንዲያውቀው ውሃ ውስጥ ፎቶ ይነሳል።