ለሰሚራ የነገርኳት አልበም

ሐሙስ፣ መጋቢት 10

ነገ ዒድ ነው። ሰሚራ ከነገ ጀምሮ ሙዚቃ መስማት ትችላለች፤ የእኔ ፆም ግን እስከ ፋሲካ ነው። ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ አብረው ስለገቡ ሁለታችንም ሙዚቃ ትተን፣ አባቷ ሱቅ ባንኮኒውን ተደግፈን የሮክ አልበም በወሬ ስንገባበዝ ከረምን።

እኔ የመረጥኩላት አንድ አልበም አለ። ድራሙ ፍሬን በጥሶ ከቁስቋም ቁልቁል እንደሚወርድ ታክሲ ነው አልኳት። መጨረሻው ዘፈን ላይ ጊታሩ ብቻውን ይቀርና፣ የእንጦጦ ጉም ውስጥ እንደገባ ሰው ቀስ እያለ ይጠፋል አልኳት። እውነት እንደዚያ ነው? ከፍቼ እንዳላጣራ ፆም ላይ ነኝ። ደጋግሜ ስነግራት የቱ የባንዱ፣ የቱ የራሴ እንደሆነ ጠፍቶብኛል።

ዛሬ ከሥራ ስመለስ ጎራ አልኩ። ስኳር እየመዘነች ነበር።

«ነገ ልትሰሚው ነዋ» አልኳት፣ ፈራ ተባ እያልኩ።

«አይ፣ በፋሲካ አብረን እንሰማዋለን» አለች ቀና ሳትል። «እስከዚያ አንቺው ንገሪኝ። ያቺን የመጨረሻዋን።»

ነገርኳት። ጊታሩ ዛሬ ከትናንቱ ረዘመ።