የታችኛው ጎማ

ውድ ጋሽ ሣህሌ፣

ቢታ ገነት ከተማ ልጅዎ ዘንድ መግባትዎን ከሰማሁ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደውዬ፣ ድምፅዎን ስሰማ ዘግቼዋለሁ። ጃፈር ነኝ፤ የአሮጌዋ ላንድሮቨር ባለቤት። ስሜን አይተው ወረቀቱን አይቅደዱት።

ያን ቀን ጋራዥዎ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ልጄን የገደልከው አንተ ነህ!» ብዬ ጮህኩብዎ። አንተ ብዬ! እርስዎ እጅዎን በጨርቅ ይጠርጉ ነበር። ከዚያ ወዲህ መኪና የሚያመጣልዎ ጠፋ፤ ስድስት ወር ሳይሞላ ጋራዡን ዘግተው ከቦንጋ ወጡ።

ሚስቴን ሀፍሳን ምጥ የያዛት ዋጫ፣ እናቷ ቤት ነበር። ወደ ቦንጋ ይዣት ስመጣ ዳገቱ መሀል ላይ ሞተሩ ፈላ። ኮፈኑን ከፍቼ እንፋሎት ውስጥ ቆሜ፣ እሷ ከኋላ ወንበር «ውሃ ጨምርና እንሂድ» እያለች ትለምነኛለች። ሌላ መኪና እስኪያነሳን ሁለት ሰዓት ፈጀ። ልጁ ሞቶ ተወለደ።

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት እርስዎ ራዲያተሩን አጥበው፣ ቴርሞስታቱን ቀይረውልኝ ነበር። «ሜዳ ላይ ደህና ናት፤ ዳገት ላይ ግን የሆነ ነገር ውሃውን ይዘጋባታል» አሉኝ። «የራዲያተሩን የታችኛውን የውሃ ጎማ ማን ነው የቀየረው?»

«እኔ እንጃ፣ ስገዛትም እንዲሁ ነበረች።»

ዋሸሁ። የቀየርኩት እኔ ነበርኩ። ሳላሳይዎ ምንም እንዳልነካ ስላስጠነቀቁኝ አፈርኩ። እርስዎም ቃሌን አምነው ለቀቋት።

ባለፈው ሳምንት ገዢ ስለመጣላት የምትሞቅበትን ምክንያት ፍለጋ ተነሳሁ። ክዳኑን፣ ማራገቢያውን፣ የውሃ ፓምፑን አየሁ፤ ሁሉም ደህና ነው። ሞተሩ በደንብ ሲግል ሀፍሳን «ነዳጅ ስጪያት» አልኳት። ድምፁ ሲጨምር ያ ጎማ ዓይኔ እያየ ወደ ውስጥ ተመጥጦ ተጣበቀና የውሃውን መንገድ ዘጋ፤ እግሯን ስታነሳ ተመልሶ ተነፋ። እንዳይጣበቅ ከውስጥ የሚደግፈው የሽቦ ሞላ የለውም። አሮጌውን ጎማ ስፈታ ሞላው ዝጎ ስላገኘሁት፣ «ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል» ብዬ የወረወርኩት እኔው ነኝ።

«ምን አየህ?» አለችኝ ሀፍሳ።

«ምንም።»

እንደገና ዋሸሁ። በሦስተኛው ቀን ግን ነገርኳት። አልጮኸችም። ልብሷን ሰብስባ ወደ ዋጫ ልትሄድ ስትል በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሽ ሣህሌ ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«እኔን ከመለመንህ በፊት ለእሳቸው ንገር።»

ትመለስ አትመለስ አላውቅም።

ትናንት፣ ያን ቀን ስጮህብዎ ሲሰሙኝ ወደነበሩት ሁሉ በየሱቃቸው እየዞርኩ እውነቱን ተናገርኩ። ከጋራዥዎ ፊት ለፊት የሚሸጡት እትዬ በዛወርቅ፣ «እኛስ ምን ሆነን አመንንህ?» ብለው አለቀሱ።

ቅዳሜ ቢታ ገነት እመጣለሁ። ባይከፍቱልኝም ደጅዎ ቆሜ፣ ጎረቤትዎ እየሰማ፣ ይህንኑ እናገራለሁ።

ልጁን ኑዕማን ብለነው ነበር። ገዳዩ ተብለው ሲሰደዱ፣ ስሙን እንኳ የነገረዎ አልነበረም።

የበደልኩዎ
ጃፈር፣ ከቦንጋ