ከቀለሙ ሥር የወጣው ቁጥር

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ጥር 22 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? ሥራውስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ እማዬም ጉልበቷን ከማመሙ በቀር ደህና ናት። ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃ። ከደሴ ኮምቦልቻ ሩቅ ሆኖብኝ አይደለም የምጽፍልህ፤ ፊትህን ማየት አቅቶኝ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ሞተሩን አገኘሁት።

የባለቤቴን የሸረፈዲንን ሞተር ነው የምልህ። አላህ ይዘንለትና፣ ካሜራውን አንግቶ ሰርግ ሊያነሳ የቢስቲማን አቀበት የሚወጣበትን ያን ረጅም የገጠር ሞተር። ካረፈ ሁለት ወር ሳይሞላው «ላስጠግነውና ሸጠሽ ልጆችሽን አሳድጊበት» ብለህ ወሰድከው። ከዚያ ባዶ እጅህን መጣህ። ጁምዓ ሰግጄ ስወጣ ከመስጊዱ በር ላይ ተሰርቆ ጠበቀኝ አልክ። ወላሂ ብለህ ማልክ። አብሬህ አለቀስኩ! እኔው ባሌ የሞተብኝ አንተን አጽናናሁህ!

ኮምቦልቻ ገበያ ወጥቼ ነው ያየሁት። ሰማያዊው ቀለሙ ቀይ ሆኗል። ግን የግራው እግር ማሳረፊያ ሸረፈዲን የወደቀ ጊዜ ተጣሞ የተበየደ ነው፤ ብየዳውን የትም ባየው አውቀዋለሁ። የያዘው የሐርቡ ሰው ነው፣ ጨዋ። ስነግረው አልተቆጣም፤ «ከጠረጠርሽ እህቴ፣ ፖሊስ ፊት ይታይ» አለኝ። በማግስቱ የሞተሩን ሊብሬ በቦርሳዬ ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ሌባውን አስይዤ ልመለስ!

የሻንሲው ቁጥር ከመሪው አንገት ላይ ነበር መገኘት ያለበት። ቦታው ልስልስ ብሏል፣ ምንም አይታይበትም። የተጠራው መካኒክ ጣቱን አሳልፎበት፣ ቀለም የሚያድስ ሰው ቁጥሩን ሸፍኖ ይቀባል እንጂ ስቱኮ አይሞላበትም፣ ይሄ ታስቦበት የተደፈነ ነው አለ። በቲነር አርሶ፣ ብረቱ እንዳይፋቅ በእንጨት ቀስ እያለ ያነሳው ጀመር።

እሱ ሲፍቅ ሰውየው የገዛበትን ወረቀት አወጣ። የሻጩ ስም የማላውቀው ስም ነው። የእጅ ጽሑፉ ግን የአንተ ነው። ፊደል ያስቆጠርኩህ እኔ አይደለሁም እንዴ?

መካኒኩ የተጋለጠውን ብረት ጠመኔ አሸበትና ጠረገው። ቁጥሩ ነጭ ሆኖ አንድ በአንድ ወጣ። መጨረሻው አራት፣ ዜሮ፣ ሰባት፣ አንድ፤ ሊብሬው ላይ ያለው ራሱ። ፖሊሱ «ይሄ ነው?» አለኝ።

ምን እንደመለስኩ፣ ቤትህ ተቀምጠህ ይህን ማንበብህ ይነግርሃል። ሊብሬው ከቦርሳዬ አልወጣም። የሐርቡው ሰው አመስግኖኝ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ! እማዬ ሰምታ እንዳትሞትብኝ ነው።

ደምለውስ? ከመስጊዱ አጠገብ ሞተር የሚጠብቀው ደምለው በአንተ ቃል ሁለት ወር ታሰረ። ሥራውን አጣ። ሌባ ዘበኛ ተባለ። እኔም መንገድ ላይ አግኝቼው ምራቄን ተፍቼበታለሁ፤ ያን ያስተፋኸኝ አንተ ነህ!

ትናንት ቤቱ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኩት፣ የራሴንም ውሸት ጭምር። ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «ወንድምሽ ያን ቀን በእግሩ ነው የመጣው፤ ያልነገርኩት ሰው የለም፣ የሰማኝ ነው የጠፋው» አለኝ። ልካስህ ብለው እምቢ አለ። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጁምዓ ተሰግዶ ሰው ሲወጣ፣ ሌባ ባስባልከው በር ላይ ቆመህ እውነቱን እንድትናገር። ቃል ገባሁለት።

ስለዚህ የፊታችን ጁምዓ ና። ከቀረህ ቅዳሜ ጠዋት ሊብሬውን ይዤ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ። የአንተን ከማውጣቴ በፊት የራሴን እናገራለሁ። ያሰሩን እንደሆነ አብረን እንታሰር።

አላህ ልብህን ያቅናልህ፤ ከዚህ የበለጠ ምርቃት ዛሬ ከአፌ አይወጣም።

እማዬ ለማን እንደምጽፍ እንጂ ምን እንደምጽፍ አልነገርኳትም። አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና፣ «ደምለው ነግሮኛል፤ ጁምዓ ይምጣ በይው፤ በሩ ላይ እኔም አብሬው እቆማለሁ» አለችኝ።

ታላቅ እህትህ