አያውቅበትም

ይድረስ ለአባዬ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? ጉልበትህስ ደረጃውን እሺ አለህ? እኔ ደህና ነኝ፤ አንተ ከማኩረፍህ በቀር የጎደለኝ የለም። የላክኸው ሰው መልእክትህን አድርሷል። መልሱን ግን በሰው አፍ ከምልከው በራሴ እጅ ልጻፍልህ ብዬ ነው።

መልሱ እንቢ ነው። ያቺን ዓረፍተ ነገር ከጽሑፌ አላነሳትም።

ደግሞ ሰው ጠፍቶ የጥርስ ሐኪሙን ትልክብኛለህ? የክበባችን ሰብሳቢ እሱ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የታካሚ ማረፊያውን ለእኛ ለፊልም ወዳጆች የሚለቅልን እሱ፣ ፕሮጀክተሩም የእሱ፤ እሱን ደፍራ እንቢ አትልም ብለህ ነው አይደል? ያን ሰው የሚያስደነግጥ ድምፁን አለስልሶ፣ አባትሽ ናቸው እኮ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብታነሺ ምን ይቀርብሻል አለኝ። እኔ ምንም አይቀርብኝም፣ ስለ ፊልሙ የጻፍኩት ሂስ ግን ባዶውን ይቀራል አልኩት።

ሳትሸመድዳት እንደማትቀር ባውቅም ልድገምልህ። "ዋናው ተዋናይ ይቅርታ መጠየቅ አያውቅበትም" ነው ያልኩት። ሽማግሌው አባት ልጁ እግር ስር ተንበርክኮ "በድዬሻለሁ" እያለ የሚንሰቀሰቅበትን ትዕይንት ማለቴ ነው። ጽሑፉን ያነበብኩ ዕለት ክፍሉ ቀውጢ ሆነ። ልብስ ሰፊዋ፣ እኔ እዚያ ቦታ ላይ ዓይኔ እስኪያብጥ አልቅሻለሁ፣ አንቺ ልብሽ ከምንድን ነው የተሠራው ብላ ጮኸችብኝ። የባንኩ ዘበኛ ከእኔ ወገነና፣ ሰውየው የተንበረከከው ለካሜራው ነው አለ። ተዋናዩ አባቴ እንደሆነ ሁሉም ያውቃሉ። አንዳቸውም ግን የቤትሽን ነገር ነው የጻፍሽው አላሉኝም፤ የተከራከሩት ስለ ትወና ነው።

"ገመናችንን አደባባይ አወጣችው" ያልከው አንተ ብቻ ነህ። ስለ እኛ ቤት ነው ብሎ እስቲ ማን ነገረህ? እኔ የጻፍኩት ስለ ፊልም ነው።

እሺ፣ ይህንንም ልንገርህ። ለዚያች ልጅህን ሆና ልትተውን ተከፍሏት ለመጣች ልጅ ስትንበረከክ ቅናት አንገብግቦኛል። እኔ የማውቀው ሰው እንደዚያ አያደርግም። እኔ የማውቀው ሰው ሲያጠፋ ብርቱካን ይልጣል። ልጣጩን ሳይበጥስ ዙሪያውን ይልጥና፣ ቀና ብሎ ሳያይ ሰሃኑን ገፋ ያደርጋል። እማዬን ስንቀብር ቀረጻ ላይ ነበርክ። ሲመሽ መጣህ፣ አንድ ብርቱካን ልጠህ ፊቴ አስቀመጥክ። አልነካሁትም። አንተም አላነሳኸውም፤ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ደረቀ።

ሐኪሙ እንደሄደ በእልህ ተነስቼ ፊልሙን ድጋሚ ገባሁ። ስህተቴን ፍለጋ እንዳይመስልህ፤ ልክ መሆኔን ላረጋግጥ ነው። ልክ ነኝ። ግን መጀመሪያ ያላየሁትን አየሁ። ከመንበርከክህ በፊት እጅህ ወደ ጠረጴዛው ይሄዳል፣ ብርቱካን ያነሳል፣ አውራ ጣትህ ልጣጩ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ላይ ትዕይንቱ ይቆረጣል። ቀጥሎ መሬት ላይ ነህ፣ እንባህ ይወርዳል። ዳይሬክተሩ ነው የቆረጠው፣ አይደል? አንተ እስከ መጨረሻው ልጠኸው ነበር፣ አይደል አባዬ?

ቢሆንም አላነሳትም። ቅዳሜ ግን ክበቡ ፊት ቆሜ አንዲት ሐረግ እጨምርባታለሁ፦ "እጁ ግን ያውቅበታል።" ልብስ ሰፊዋ ምን ማለትሽ ነው ብላ ብታፋጥጠኝም አላብራራላትም።

ጤናህን ይስጥልኝ፤ ድምፅህን አይንሳህ፤ ገና ብዙ ፊልም ሠርተህ ብዙ የምወቅስህ ያድርግህ። እሑድ እመጣለሁ፤ ሳልበላ ነው የምመጣው። ብርቱካን ይኑር። እቤት ውስጥ የሚቆርጥብህ ዳይሬክተር የለም።

እንቢተኛዋ ልጅህ