አባዬ ያላየው የአባዬ ፊልም

ለወንድሜ ለሙንተሲር፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? እንቅልፍህስ? የሆላንድ ብርድ እንዴት አድርጎሃል? ሐላል ሥጋ የሚሸጥበት ቤት አገኘህ ወይስ አሁንም በእንቁላል ነው የምትውለው? ባለፈው የላክኸውን ፎቶ እማዬ አይታ፣ ከስቷል ብላ ስትብሰለሰል ዋለች። አንገትህ ላይ ያንጠለጠሉልህን የፌስቲቫል ካርድ ደግሞ፣ ልጄ እንዳይጠፋባቸው ምልክት አደረጉበት እንዴ ብላኛለች። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ከጎደለብን ሰው በቀር ሁሉም እንደነበረ ነው።

በእጄ ጽፌ ፎቶ አንስቼ የምልክልህ በስልክ ስለማልችለው ነው። አባዬ በሞተ በሦስተኛው ቀን ደውለህ እሱን ስለቀረጽህበት ፊልም ምን አለ ስትለኝ፣ ደክሞት ስለነበር ምንም አላለም ብዬህ ነበር። ዋሽቼሃለሁ።

ፊልሙን የላክህልኝ ለምን እንደነበር ታስታውሳለህ። አባዬ ታንኳው ላይ ሆኖ መረብ ሲጎትት በአምባሰል ቅኝት የሚያንጎራጉራትን ዜማ ነፋስ በልቶብህ፣ የፈረንጅኛው ትርጉም ከሥር እንዲጻፍ ቃሉን ለይቼ እንድጽፍልህ ነበር። የመጀመሪያው ፌስቲቫል የትም ያልታየ ፊልም ነው የሚፈልገው፣ ለማንም እንዳታሳዪ አልከኝ። ለአባዬም ቢሆን አልከኝ፤ እሱ ራሱን ሲያይ አጠገቡ ቁጭ ብለህ ፊቱን ማየት ፈልገህ ነበር። ማይልኝ አልከኝ፣ ወላሂ ብዬ ማልኩልህ።

ከዚያ ሆላንድ ታየ፤ ጭብጨባውን በስልክ አሰማኸን። ቀጥሎ ቱኒዝያ፣ በአፍሪካ መጀመሪያ እኛ ጋ ካልታየ አለች። ከዚያ ፖርቱጋል፣ ከዚያ ኮሪያ። ሁሌ፣ ከዚህኛው በኋላ መጥቼ ሐይቁ ዳር አንሶላ ወጥረን እናሳየዋለን ትለን ነበር። አባዬ አንድም ቀን አልተቀየመህም። ጠዋት ጠዋት፣ «ዛሬ የት ነኝ?» ብሎ ይጠይቀኛል፤ እነግረዋለሁ። ከዚያ ታንኳው ላይ ለጓደኛው ለኑርዬ፣ «እኔ ኮሪያ ነኝ፣ መረቡን አንተ ጎትት» ይለዋል። በምትልክልን የፊልሙ ፖስተር ላይ የየፌስቲቫሉ የቅጠል አርማ በተጨመረ ቁጥር፣ «ይሄ ልጅ ደን ሊያደርገኝ ነው» እያለ ይስቅ ነበር። እኔ ደግሞ ጓዳ ገብቼ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ስንት ጊዜ አየሁት መሰለህ። እሱ ከግድግዳው ወዲያ ተቀምጦ።

ጥቅምት ሲገባ ሳሉ ባሰበት። ደሴ ወስደን መለስነው። ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ትራሱን ከፍ አድርጊልኝ አለና እጄን ያዘኝ። «ስልክሽ ውስጥ አለሁ አሉ» አለኝ። ለካ ልጄ ኢቲሳም ተደብቄ ሳይ አይታኝ ነግራዋለች። «እስቲ አሳይኝ፣ እንዴት እንደሆንኩ ልየው» አለኝ። ሙንተሲር፣ ስልኩ በሌላኛው እጄ ላይ ነበር። አባዬ ለሙንተሲር ምያለሁ አልኩት። «ከማልሽማ ተዪው፣ መሐላ ከባድ ነው» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ከዚያ በኋላ ስለ ፊልሙ አላነሳም።

ለቅሶ ላይ ይህንኑ እያልኩ ስጮህ ሸህ ዑበይዱላህ ሰሙኝ። አጠገቤ መጥተው፣ «ልጄ፣ መሐላ እኮ መውጫ አለው። አሥር ምስኪን ታበያለሽ፣ ካልቻልሽ ሦስት ቀን ትጾሚያለሽ። ምነው ብትጠይቂኝ?» አሉኝ። ቤታቸው ከአጥራችን ቀጥሎ መሆኑን ታውቃለህ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት የእኔ ነገር ነው። እኔ እኮ ሰኞና ሐሙስን ማንም ሳያዘኝ የምጾም ሴት ነኝ። ሦስት ቀን ምን ይሆንብኝ ነበር?

አልዋሽህም፣ በአንተም ተናድጄ ነበር። ስሙን መጥራት የማይችል የስንት አገር ሰው ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያየውን ፊት፣ ባለቤቱ ብቻ ሳያየው ሄደ። አንተ ፊቱን ለማየት ስትጠብቅ፣ እኔ ቃሌን ስጠብቅ፣ እሱ መሃል ላይ ቀረ። ግን አንተ ክፉ አስበህ አይደለም፤ ፌስቲቫሎቹም ደንባቸው ነው። የማልኩትም የከለከልኩትም እኔ ነኝ። ስለዋሸሁህ አፉ በለኝ። አንተ አፉ ብትለኝ ያንተው ብቻ ነው፤ የእሱን ከማን ልጠይቅ?

በፊልሙ መጀመሪያ ላይ «ለአባቴ መታሰቢያ» ብለህ ልታስገባ መሆኑን ነግረኸኛል። አስገባ፣ ደስ ይለዋል። እኔም ትናንት ከዙሁር በኋላ መሐላዬን አፍርሼ ለእማዬ አሳየኋት። አሥር ሰው ለማብላት እጄ አጥሮኛልና ዛሬ ጾሙን ጀምሬያለሁ። ይህንንም ሳልደብቅ ልንገርህ ብዬ ነው።

ኑርዬ ሰላም ብሎሃል፤ ታንኳውን ብቻውን መግፋት ስላልሆነለት ካወጣው ሰንብቷል። ሸህ ዑበይዱላህ ዱዓ አድርገውልሃል። ኢቲሳም ሰላም ትልሃለች፤ ለአያቷ በመናገሯ የተቆጣኋት እየመሰላት ትሸሸኛለች፣ ስትደውል አንድ ነገር በላት። እማዬ ዓይኑን ሳሚልኝ ብላለች። ትናንት ስታይ አላለቀሰችም። አባዬ በዚያ ነፋስ በነጠላ ሸሚዝ መረቡን ሲጎትት ስታየው፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ብርድ ነው፣ ይበቃል፣ ይግባ በይው» አለችኝ። እሺ እማዬ፣ እነግረዋለሁ አልኳት።

እህትህ ኡሙሀኒ
ሐይቅ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.