ዛሬን እንደ ነገ የቆጠረች ምራት

ውድ ማንሱክ፣

እኛ ጆንጁ በረንዳ ላይ ሆነን «አቤት ስታምር!» የምንላት ሙሉ ጨረቃ፣ እዚህ ደሴት ላይ የምትፈራ ናት፤ ውሃውን ሩቅ ወስዳ በፍጥነት ትመልሰዋለች። ዛሬ ሴቶቹ ባሕሩ በሸሸበት ጭቃ ላይ ዛጎል ለቅመው ሲመለሱ፣ የአከራዬ የወይዘሮ ግምዶክ ምራት፣ ኤሪም የምትባለው፣ እዚያው ቀረች። የተወለደችው ደቡብ ዳርቻ ነው፤ የዚያ ሰዎች ውሃው የሚሸሽበትንና የሚመለስበትን ቀን በጨረቃዋ ሲቆጥሩ ከዚህ በአንድ ቀን ይቀድማሉ። ውሃው የሚመለስበት ሰዓት በየቀኑ አንድ ሰዓት ገደማ ስለሚዘገይ፣ ዛሬን እንደ ነገ ቆጥራ ጊዜ ያላት መሰላት።

ጉም ወረደ። አማቷ ውሃው ውስጥ ገብተው የናስ ሳህን እየደበደቡ «አንቺ ደንቆሮ! ወደ ድምፁ ነይ! ዛጎሉን ጣዪው!» ይላሉ። ውሃው ወገባቸው ደረሰ፤ ብንጎትታቸውም እምቢ አሉ። በመጨረሻ ከጉሙ ውስጥ «እማዬ፣ ይውጡ እንጂ!» የሚል ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ ኤሪም እስከ ደረቷ ሰጥማ ብቅ አለች።

አማቷ እጇን ለቀም አድርገው «በአገርሽ ሰው የሚሰምጠውም አንድ ቀን ቀድሞ ነው?» አሏት።

ፖስት ካርዱ ጠበበኝ። ለባለቤትሽና ለልጆችሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እራት ቀርቧል፤ ወይዘሮ ግምዶክ ግን ያንን እጅ እስካሁን አልለቀቁም።

ታክ ሱንጆ